አገራችን ራሷን ያየችው በማን ካሜራ ነው?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር (ደብረ ብርሃን)

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣

በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ወር ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሁለት ሁለት ፎቶግራፍ ይዘው እንዲመጡ ነገርኳቸው፤ አንዱን ከቤታቸው ግድግዳ ወይም ከቤተሰባቸው አልበም፣ ሌላውን ደግሞ «ኢትዮጵያን ያሳያል» ብለው ከስልካቸው መርጠውና አሳትመው። ከቤት የመጡት የሠርግ፣ የክርስትናና የምረቃ ፎቶዎች፣ ጠመንጃ የያዙ አያቶች፣ በፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የቆሙ እኅትማማቾች ነበሩ። ሁለት ተመሳሳይ አልነበረም። ከስልክ የመጡት ግን ከጥቂት ምስሎች አላለፉም፤ ዐፄ ምኒልክ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ባዶ እግሩን የሚሮጠው አበበ ቢቂላ፣ ላሊበላ፣ በከንፈሯ ገል ያደረገች የሙርሲ ሴት፣ በ1977ቱ ድርቅ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ሕፃን። አንዱ ተማሪ የመረጠውን ሌሎች አምስትና ስድስት ልጆች ሳይነጋገሩ መርጠውት መጡ።

አንዲት ተማሪዬ ያመጣችው ከአእምሮዬ አልወጣም። የመረጠችው ያንን በ1977ቱ ድርቅ ቆሬም ላይ የተነሣውን ሕፃን ነው። ከአልበም ያመጣችው ደግሞ የእናቷ አክስት በዚያው በ1977 ዓ.ም. የተሞሸሩበትን ፎቶ ነው፤ ሙሽራዋ ነጭ ቬሎ ለብሰዋል፣ ሚዜዎቹ ሰፊ ሱሪና ሰፊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ለብሰው ይስቃሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «መምህር፣ ሁለቱም አንድ አገር ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለጊዜው የሰጠኋት መልስ ለእኔም አላረካኝም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ወደ ኋላ ሄጄ ሳስበው ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አልተገኘም፤ መልካቸውን የምናውቀው ከሥዕል ነው። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ፣ በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በተባለች ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ፊት ተቀምጧል። ያ በሐዘን የተዋጠ የልጅ ፊት ዛሬም ስናየው ልባችንን ይነካል፤ ይሁን እንጂ የተነሣው ለእንግሊዝ ተመልካች ነበር። ዐድዋንም ቢሆን አብዛኞቻችን በዓይነ ሕሊናችን የምናየው ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከላይ በሚታይበት ሥዕል እንጂ በፎቶግራፍ አይደለም። እንግዲህ ታላቁ ድላችን በገዛ ሠዓሊዎቻችን እጅ ሲቀረጽ፣ ከካሜራ ጋር የተዋወቅነው በሽንፈት ማግስት ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በእነዚህ 150 ዓመታት ገደማ ውስጥ ፎቶግራፍ አገራችን ስለ ራሷ ያላትን ሐሳብ እንዴት አድርጎ ሠራው? ያነሣው ማን ነበር፣ ያነሣውስ ለማን ነበር? እኛስ ለሌላ ሰው ተብሎ የተነሣውን ምስል የራሳችን መልክ አድርገን የተቀበልነው መቼ ነው? በሙያው የኖራችሁ፣ ወይም ነገሩ በቤታችሁ የደረሰ፣ ለተማሪዎቼ የምነግረውን ብታካፍሉኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

መልስ፦ ጨለማ ክፍል (አዲስ አበባ)

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። በፒያሳ አካባቢ በአንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ 31 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የገባሁት ፊልም አጣቢ ሆኜ በ15 ዓመቴ ነው። ስለዚህ የምነግርዎ ከመጽሐፍ ያነበብኩት ጥቂት፣ በእጄ ያለፈው ግን ብዙ ነው።

«ለማን ተብሎ ተነሣ» የሚለው ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን ኢትዮጵያውያን ከካሜራው ፊት ዝም ብለው የቆሙ አድርገው እንዳይወስዱት እለምንዎታለሁ። የእኛ ነገሥታት የፎቶግራፍን ጉልበት ቀድመው ተረድተውታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ የመጡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኑ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ የነገሥታቱን መልክ ያነሡ ነበር። ተማሪዎችዎ ያመጡት የንጉሥ ምስል፣ ካባው፣ ዘውዱ፣ ካሜራውን በቀጥታ የሚያየው ዓይን፣ ሁሉም ንጉሡ ራሳቸው እንዲታዩ የፈለጉበት መልክ ነው። በድንገት የተነሣ ነገር የለበትም።

ያም መልክ ምን ያህል ሩቅ እንደሄደ ልብ ይበሉ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተከበረውን የዘውድ በዓል ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በሚቀጥለው ዓመት በቀለም ፎቶግራፍ አስደግፎ ለዓለም አሳየው። በጃማይካ ሊዮናርድ ሃውል የተባለው ሰባኪ የንጉሡን ፎቶ አንዱን በአንድ ሽልንግ እየሸጠ፣ ይህ ወደ ኢትዮጵያ መግቢያ ፓስፖርታችሁ ይሆናል ይል ነበር፤ በኋላም በስብከቱ ምክንያት ታስሯል። አንድ ወረቀት ላይ የታተመ ፊት ባሕር ተሻግሮ የሰው ተስፋ ሆነ። በሌላ በኩል ፎቶ ሰውን ሊጥልም ይችላል። ልጅ ኢያሱን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ካወረዳቸው ክስ ጋር ተያይዞ በእስላም ልብስ ያሳያቸዋል የተባለ ፎቶ ይነሣል፤ ተቀናብሮ የተሠራ ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላባራም። እኔ በሙያዬ የምለው፣ ሁለት ኔጋቲቭ ደርቦ አንድ ፎቶ ማውጣት በዚያ ዘመንም የሚያስቸግር ሥራ አልነበረም።

አሁን ወደማውቀው ልምጣ። መጽሐፍ የማይጽፈው የአገር መልክ ጉርድ ፎቶ ነው። ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ማመልከቻ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ለመነሣት የሚመጣ ሰው ኮትና ከረባት ባይኖረው እኛ ዘንድ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አንድ ጥቁር ኮት ነበር። የቀን ሠራተኛውም፣ አስተማሪውም፣ ከገጠር ለፍርድ ቤት ጉዳይ የመጣው ገበሬም ያንኑ ኮት ለብሶ ይነሣል። እጅጌው ለረጅሙ ሰው ያጥራል፤ ግን ጉርድ ፎቶ ላይ እጅጌ አይታይም። በቀይ አምፖል ሥር ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነክሬ ሳነቃንቀው መጀመሪያ የሚወጣው የኮቱ ጥቁረት ነው፤ ፊቱ ቀስ እያለ ይከተላል። በእነዚያ ዓመታት ስንት ሰው በአንድ ኮት ዜጋ ሆኖ እንደወጣ እግዚአብሔር ይወቅ።

በ1967 ዓ.ም. መስኮታችን ላይ የነበረውን የንጉሡን ትልቅ ፎቶ አወረድን። ብዙም ሳይቆይ አደባባዩ በማርክስ፣ በኤንግልስና በሌኒን ምስል ተሞላ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞላ ጠርሙስ ሲወረውሩ የሚያሳየውን ፎቶ የማያውቅ የእኔ ዕድሜ ሰው የለም። ከእርሱ ቀጥሎ በመጡት ወራት ሰው የገዛ ፎቶውን መፍራት ጀመረ። ከጓደኛ ጋር አብሮ መነሣት ማስረጃ ሆነ፤ ሰው አልበሙን ምድጃ ውስጥ ጨመረ። እኛም ብዙ ኔጋቲቭ አቃጠልን። ከሥራዬ ሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ እናቶች መምጣት ጀመሩ። ልጃቸው ተገድሎ የቀራቸው አንዲት ጉርድ ፎቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተማሪ መታወቂያ ላይ የተላቀቀች ናት፤ «አሳድግልኝ» ይላሉ። ከመታወቂያ የተላቀቀ ፎቶ ጥግ ላይ የማኅተም ግማሽ ክብ አለው። ፎቶው ሲያድግ ማኅተሙም አብሮ ያድጋል፤ የትምህርት ቤቱ ስም ፊደል በልጁ ትከሻ ላይ ጎልቶ ይወጣል። በእርሳስ ላጠፋው ስጀምር አንዲት እናት እጄን ያዙኝ። «ተወው ልጄ፣ ተማሪ እንደነበረ ይታወቅለት» አሉኝ። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው ግድግዳውን የሞሉትን ፊቶች ያስታውሳል፤ ብዙዎቹ እንደነዚህ ያሉ ትንንሽ ፎቶዎች ናቸው። ለመንግሥት ፋይል ተብሎ የተነሣ ፎቶ መልሶ በመንግሥት ላይ ምስክር ሆነ። ተማሪዎችዎን ይዘው ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ከሆነ መጀመሪያ ወደዚያ ይውሰዷቸው።

መልስ፦ ወሎዬዋ (ደሴ)

ለመምህርም፣ ለጋሼም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ስለ ቆሬሙ ፎቶ ልናገር፤ ምክንያቱም ቆሬም በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፣ እኔም የወሎ ልጅ ነኝ።

ብዙ ሰው የረሀቡን ምስል ፈረንጅ ያመጣብን መርገም አድርጎ ያወራል። እኔ በዚህ አልስማማም። በመጀመሪያ፣ በ1965ቱ ረሀብ ጊዜ ነገሩ እየተሸፈነ ሳለ ወደ ወሎ ሄደው፣ ያዩትን አንሥተው፣ ፎቶግራፉን በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለተማሪ ያሳዩት የገዛ አገራችን መምህራን ነበሩ። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልሙን ያሳየው ከዚያ በኋላ ነው። ያንኑ ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት የግብዣ ምስል ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን ያሳየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ምሽት ሲሆን፣ በማግስቱ ጠዋት ንጉሡ በትንሽ ቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ። ባንድ በኩል እንጀራ የሚለምን እጅ፣ በሌላ በኩል የተቆረሰ ኬክ፤ ቃል አላስፈለገውም። ያ ምሽት መንግሥት በምስል ሊወድቅ እንደሚችል ለሕዝቡ አስተማረ። የሚያሳዝነው፣ ፊልሙን ያሳየው መንግሥት ራሱ ከ10 ዓመት በኋላ የአብዮቱን በዓል በድምቀት ሲያከብር የእኛን ረሀብ ከካሜራ መደበቁ ነው።

ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ማይክል በርክ የተረከው ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ባይታይ ኖሮ ስንት ሰው እንደሚሞት ማሰብ ያስፈራኛል። እናቴ በእርዳታው ስንዴ ነው ያተረፈችኝ። ስለዚህ ለሞሐመድ አሚን ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም፤ ሰውየው በ1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ ክንዱን አጥቷል፣ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ተጠልፎ በኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞቷል። ሕይወቱ ከእኛ ሕይወት ጋር የተሳሰረ ሰው ነው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። በእነዚያ ምስሎች ውስጥ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ይመስላል። እናቴ የምትነግረኝ ቆሬም ግን እንዲህ አይደለም። ሌሊት ሬሳ እየገነዙ የሚቀብሩ የሰፈር ሰዎች ነበሩ፤ ውኃ በእንስራ የሚያመላልሱ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ሦስት ቀን ሳይተኙ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶች ነበሩ፤ የራሷ ልጅ ሞቶባት የሌላውን ያጠባች ሴት ነበረች። ካሜራው ፊት ለፊታቸው አልፎ ሄዷል፤ የረዳ እጅ ሲታይ የነጭ እጅ ነው። በሐምሌ 1977 ዓ.ም. ለእርዳታ በተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ድግስ ላይም ዓለም ያየው ያንኑ ነው። በዚያ መድረክ በፊልም የታየችው ሕፃን ብርሃን ወልዱ ተርፋ፣ ተምራ፣ በ1997 ዓ.ም. ለንደን ላይ በተመሳሳይ መድረክ ቆማ ሰላምታ ሰጥታለች። የሁለተኛው ምስሏ ግን የመጀመሪያውን ያህል በማንም ልብ አልቀረም። በእኛም ልብ።

እዚህ ላይ ነው የመምህር ጥያቄ የሚያመኝ። በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ረሀብ» የሚለው ቃል ሲፈታ የኢትዮጵያ ስም ይጠቀሳል የሚለውን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ማን መዝገበ ቃላቱን ከፍቶ አየ? ሳናይ ለስንት ዓመት ተቀባበልነው፤ በንግግር መክፈቻ፣ በክርክር፣ በትምህርት ቤት ድራማ። ምስሉን ያነሣው ሌላ ሰው ነው፤ በቃል እየደጋገምን በልጆቻችን ውስጥ የተከልነው ግን እኛ ነን። ያቺ ተማሪ የቆሬሙን ሕፃን «ኢትዮጵያን ያሳያል» ብላ ስትመርጥ ከቢቢሲ የተማረችው አይደለም፤ ከእኛ ነው።

መልስ፦ የቅዳሜ ትምህርት ቤት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም በአክብሮት አነበብኳችሁ። እዚህ አሜሪካ ለተወለዱ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ አስተምራለሁ፤ በክፍላችን ግድግዳ ላይም አበበ ቢቂላ አለ።

ስለ እግር ሁለት ፎቶዎችን ላስታውስ። ጣልያን ሊወርረን በተዘጋጀበት በ1935 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ አይዘንስታት የተባለው ታላቅ ፎቶ አንሺ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ካነሣቸው ሥራዎች አንዱ የአንድ ወታደር ባዶ እግር ነው። ፊት የለውም፤ እግር ብቻ። ፎቶው በርኅራኄ የተነሣ ቢሆንም ለተመለከተው አውሮፓዊ ይህ ሠራዊት ታንክና አውሮፕላን በምን ይመልሳል የሚል ጥያቄ የሚያስነሣ ነበር። በዚያው ዓመት ጣልያን በፎቶግራፍ የታጨቀ የክስ ሰነድ ለመንግሥታት ማኅበር አቅርባ፣ ኢትዮጵያ ለማኅበሩ አባልነት የማትበቃ አረመኔ አገር ናት ብላ ተከራክራለች። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ጀምሮ ደግሞ የጣልያን ወታደሮች የገደሉትን ሰው እያነሡ ለማስታወሻ ያስቀምጡ ነበር። ያ ሁሉ ፎቶ ለኩራት የተነሣ ነው፤ ከነጻነት በኋላ ግን የኢትዮጵያ መንግሥት እነዚያኑ ምስሎች የጦር ወንጀል ማስረጃ አድርጎ አቅርቧቸዋል። ጋሼ ስለ ማኅተሙ የጻፉትን ሳነብ ይህ ነው ትዝ ያለኝ።

ሁለተኛው እግር የአበበ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ለእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የክቡር ዘበኛው ወታደር ሮም ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሮጦ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ሩጫው ሊያልቅ ሲል ያለፈው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ነበር፤ ጣልያን ከአገራችን ወስዳ እዚያ ያቆመችው፣ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰልን ያ ሐውልት። መንገዱን ያበሩት ችቦ የያዙ የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ከ25 ዓመት በፊት ለድህነት ምልክት የተነሣው ባዶ እግር በዚያች ሌሊት ትርጉሙ ተገለበጠ። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ሁልጊዜ ድምፄ ይሰበራል።

ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት አንድ የ12 ዓመት ልጅ «ቶኪዮ ላይስ?» አለኝ። አበበ በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ ሕመም ካስተኛው ጥቂት ሳምንት በኋላ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ በሆነ ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸንፏል። ገብቶም ሜዳው ላይ አካሉን እያፍታታ ነበር። የበለጠው ድል ይህ ነው። ታዲያ ግድግዳችን ላይ የሰቀልነው ለምን የሮሙን ብቻ ሆነ? መልስ ፈልጌ ያገኘሁት ደስ አላለኝም፤ ዓለም የወደደልን ባዶ እግራችንን ነው፣ እኛም ዓለም የወደደልንን ወደድን። አሁን ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ሰቅለናል።

መልስ፦ የጂንካ ልጅ (ጂንካ)

መምህር ከዘረዘሯቸው ምስሎች ውስጥ አንዷ እስካሁን ሳትነሣ ታልፋለች። የሙርሲዋ ሴት።

እኔ የአሪ ልጅ ነኝ፤ በጤና ሙያ ወደ ማጎ በኩል ለብዙ ዓመት ተመላልሻለሁ። እስካሁን የጻፋችሁት ሁሉ የውጭ ሰው ካሜራ በኢትዮጵያ ላይ ያደረገውን የሚመለከት ነው፤ የመሐል አገር ካሜራ በእኛ ላይ ያደረገውስ? በ1950ዎቹ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝም ድርጅቱን ሲያቋቁሙ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክርና እጅግ ያማሩ ፖስተሮችን ለአገሪቱ አበረከቱ፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በፖስተር፣ በካላንደርና በአየር ማረፊያ ግድግዳ የለመድነው ክፍፍል አለ። ሰሜኑ በሐውልትና በቤተ ክርስቲያን ይታያል፣ ታሪክ አለው፤ ደቡቡ በገላና በጌጥ ይታያል፣ ታሪክ የለውም። የላሊበላ ፎቶ ሥር የንጉሡ ስምና ክፍለ ዘመኑ ይጻፋል። የእኛዋ ሴት ፎቶ ሥር «የሙርሲ ሴት» ተብሎ ያልቃል።

ቱሪስት በመኪና መጥቶ በአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር ብሎ ይከፍላል። ሰዉም ይህን ስለሚያውቅ ከዘወትር አለባበሱ በላይ አጊጦ ይጠብቃል፤ በሠርግም በበዓልም የማይደረግ ጌጥ ጭንቅላት ላይ ይደረደራል። ያ ፎቶ ሄዶ መጽሔት ላይ ይወጣል፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳም ያንን አይቶ ነው የሚመጣው፤ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ሲያገኝ ያዝናል። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን አስከትባ ስትወጣ ቀለም ያልተቀባች፣ ገሉን ያወለቀች፣ ነጠላ የደረበች ናትና ከበር የቆመው እንግዳ ካሜራውን አወረደ። እኔ ያንን ፎቶ እፈልገው ነበር። የክትባት ካርድ በእጇ ነበር፤ ስሟም በካርዱ ላይ ተጽፏል።

ስለዚህ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ያቺን ሴት «ኢትዮጵያን ታሳያለች» ብለው መምረጣቸው በአንድ በኩል ደስ ያሰኘኛል፣ የአገራቸው ልጅ ናት ብለዋልና። ስሟን ማን እንደሆነ ግን ይጠይቋቸው።

መልስ፦ ጨለማ ክፍል (አዲስ አበባ)

የጂንካው ልጄ፣ የጻፍከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኛ ዘንድ ያለ ስም የወጣ ፎቶ አልነበረም፤ ደረሰኙ ላይ ስም አለ፣ ኔጋቲቩ ፖስታ ላይ ስም አለ። ደንበኛ ነበራ። እንዳልከው ፎቶ ስሙን የሚያጣው የተነሣው ሰው ደንበኛ ሳይሆን ዕቃ ሲሆን ነው።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አይዳ ሙሉነህ በመሠረተችው የአዲስ ፎቶ ፌስት ላይ የወጣት ኢትዮጵያውያንን ሥራ እየሄድኩ አያለሁ፤ ከእኛ ዘመን የሚበልጥ ዓይን አላቸው። በዚያ ተስፋ አደርጋለሁ። ለመምህር ግን አንድ ትንሽ ነገር ልለምን። ያቺ ተማሪ የሠርጉን ፎቶ ከአልበሙ አውጥታ ጀርባውን ታገላብጠው። በማጣበቂያ ከተለጠፈ በጥፍር እንዳትጎትተው፤ ቀጭን የጥርስ ክር ከሥሩ አስገብታ ቀስ ብላ ትለየው። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ብዙ ጊዜም ጽሕፈት ይኖራል። የዱሮ ሰው ፎቶ ሲሰጥ ሳይጽፍበት አይሰጥም።

መልስ፦ የታሪክ መምህር (ደብረ ብርሃን)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን አሳትሜ ለክፍሉ አንብቤዋለሁ፤ ጋሼ ስለ ኮቱና ስለ ማኅተሙ የጻፉትን ሳነብ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። የጂንካውን ወንድማችንን ጥያቄም ጠየቅኳቸው፤ ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ።

ጋሼ እንዳሉት ልጅቷ ትናንት ፎቶውን በጥርስ ክር ለይታ አመጣችው። ከጀርባው የአንድ ፎቶ ቤት ሐምራዊ ማኅተም አለ፤ ከማኅተሙ በላይ በሰማያዊ ቢክ እንዲህ ተጽፏል፦ «ለምወድሽ እኅቴ ለማስታወሻ ይሁንሽ። ደሴ፣ ጥር 1977 ዓ.ም.»። ደሴ መሆኑን እኔም እርሷም አላወቅንም ነበር። ከቆሬም ጋር በአንድ ክፍለ ሀገር፣ ከዘገባው በኋላ በሦስተኛው ወር የተደረገ ሠርግ ነው። እናቷን ስትጠይቃቸው፣ ሠርጉ ላይ ድግሱ ቀርቶ የተጋገረው እንጀራ ከከተማው ዳር ለሰፈሩት ስደተኞች እንደተላከ ነገሯት፤ ፎቶው ላይ ሚዜዎቹ የሚስቁት እንጀራውን ጭነው ሊወጡ ሲሉ ነው።

ከዚያ ያሳተመችውን የቆሬሙን ሕፃን ፎቶም ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው። እርሳስ ከእኔ ተቀብላ «ቆሬም፣ ወሎ፣ ጥቅምት 1977 ዓ.ም.» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም «ስሙ፦» ብላ ቦታ ተወችለት።